በር ላይ የቆመው መሰላል

ማክሰኞ ጠዋት መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሙሉእመቤት ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር በየቦታው ነበር። ክፍሏ ቦሳ አዲስ ውስጥ ካለ አንድ ግቢ ጥግ ላይ ናት፤ ወርዷ ሦስት ሜትር፣ ርዝመቷ ከአራት ትንሽ ይጎድላል። አንድ የሽቦ አልጋ፣ በሩ የማይገጥም ቁም ሳጥን፣ ሁለት ዱካ፣ ዝናብ ያበለዘው የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ። ከአልጋው ራስጌ በላይ አንድ ባለ መስታወት ፍሬም ተሰቅሏል። በፍሬሙ ውስጥ ያለው የምስክር ወረቀት ነው፤ ማኅተምና ሁለት ፊርማ አለበት፣ የሙሉእመቤት ስም ከነአባቷ ተጽፎበታል፣ ከሥሩ «ለታላቁ መሪያችን ላሰሙት ልብ የሚነካ የሐዘን ግጥም» ይላል። ይህን ግን ማንም አያነበውም፤ ፍሬሙ ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ወደ ክፍሉ የሚያየው ጀርባው፣ ቡናማው ካርቶን ነው። በካርቶኑ መሀል የአንድ ወጣት ጉርድ ፎቶ በማስቲሽ ተለጥፏል። የፎቶው አንድ ጥግ ተልጦ ስለነበር ሙሉእመቤት በየጊዜው በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ መልሶ ይነሳል።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ መብራቱ ጠፋ። ወዲያው ከቺፑዱ ግድግዳ ማዶ ሳቅ ተሰማ። እዚያ የምትኖረው ኮሌጅ የምትማር መቅደላዊት የምትባል ተከራይ ናት፤ ከጎጃም ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀጥ ያለች ልጅ ናት፣ ሲጨልምባት ግን ብቻዋን መቀመጥ አትወድም። ስልኳን እንደያዘች መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እትዬ ሙሉ፣ ይቺን አይተዋታል? ሆዴን እስኪያመኝ ነው የሳቅኩት። የዚሁ የጅማ ልጆች ናቸው።»

በስልኩ ውስጥ አራት ሴት ልጆች የሚያድሩበት ክፍል ይታያል። መብራት ድርግም ይላል። የስልክ ባትሪ ከአገጯ ሥር ያበራች፣ ጥቁር ሻሽ የጠመጠመች ልጅ በተደራራቢው አልጋ መወጣጫ ላይ ሆና ደረቷን ትደቃለች፤ ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰው በሌላ ሰው ድምፅ ነው። የአሮጊት ድምፅ፣ የሙሾ ዜማ፦

*የሰው ቤት አብርቶ፣ የራሱን አጨልሞ፣*
*መሰላሉ ብቻ፣ ቀረ በር ላይ ቆሞ።*

እዚያ ላይ ይቆረጣል፤ ሌሎቹ ልጆች ትራስ እያቀፉ ይወድቃሉ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሙሉእመቤት ሦስት ጊዜ እስኪዞር ድረስ አየችው። መጀመሪያ ድምፁን አወቀችው፤ የራሷ ነው። በሁለተኛው ልጅቷን አወቀቻት። በሦስተኛው የልጅቷን ቅንድብ አየች፤ ግራው ከቀኙ ከፍ ያለ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶም እንደዚያው ነው።

«የማነው ድምፁ?» አለች።

«የድሮ ነው እኮ። ያኔ መሪው ሲሞት ያለቀሰች አንዲት አሮጊት ነበረች አሉ። አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉም ይሠራበታል፤ ይኸው፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስምንት ቪዲዮ ሆኗል። ሴትዮዋ በሰማች እንዴት ትናደድ ነበር።»

«የለችም?»

«ሞታ ይሆናላ፣ ያኔም አሮጊት ነበረች።»

«ሳትሞት አትቀርም» አለች ሙሉእመቤት፣ ነጠላዋንም ከቁም ሳጥኑ አወጣች።

በጊዜዋ ከሦስት እድሮች ይመጡ ነበር እሷን ፍለጋ። ሙሾ አውራጅ እንዲህ ናት፤ የማታውቀውን ሟች ሥራውን፣ መልኩን፣ እንዴት እንደሞተ በር ላይ ጠይቃ፣ ድንኳኑ እስክትደርስ ግጥሙን ትሠራለች። ለሁሉም አውርዳለች፣ ለአናጢውም፣ ለቡና ነጋዴውም፣ በወሊድ ለሞተችውም። ፎቶው ካርቶኑ ላይ ለተለጠፈው ለአንድ ልጇ ለሚሊዮን ግን አላወረደችም። ሚሊዮን የመብራት መስመር ዘርጊ ነበር፤ ሳሊሀ የምትባል ልጅ ወዶ፣ ሰልሞ፣ ሙሀጅር ተብሎ እሷ ሰፈር ጊንጆ ጉዱሩ ገባ። ሰኮሩ ላይ የአንድ ቡና መጋዘን መብራት ሊዘረጋ ሲሄድ የራሱን መሰላል «አጭር ነው፣ እነሱ ረጅም አላቸው» ብሎ ቤቱ በር ላይ አቁሞት ሄደ። ኤሌክትሪክ ይዞት ጠዋት በሦስት ሰዓት ሞተ፤ የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ተቀብሮ ነበር። ሙሉእመቤት ስትደርስ ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ ነበር። አፏን ስትከፍት የሳሊሀ እናት በመዳፋቸው ከደኗት። ክፋት አልነበረበትም፤ መዳፉ ሙቅ ነበር። «አላህ ይውደድዎት፣ ድምፅ አያውጡ» አሏት፤ «የሚጮሁለት ሰው በቀብሩ ይቸገራል።» ወደ ቦሳ አዲስ ስትመለስ ደግሞ በወገኗ በኩል እድሩ ድንኳን አልተከለም። ሃይማኖቱን ለለወጠ ደንቡ አይፈቅድም ተባለ። ስለዚህ ሙሉእመቤት አራት መስመር ግጥም በጥርሷ ይዛ አምስት ዓመት ተቀመጠች።

በአምስተኛው ዓመት መሪው ሞተ። ለልጇ የተከለከለው ያው ድንኳን፣ ያው ምሰሶ፣ ያው ግራ ጎኑ የተጣፈ ሸራ ቀበሌው በር ላይ ተተከለ። ሰው ሁሉ በየእድሩ እየተሰለፈ ገባ። ማይክራፎኑን ሲሰጧት ሌላ ግጥም አልነበራትም፤ ድንኳኑን አየች፣ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ያ በጥርሷ የያዘችው ነበር። በራዲዮ ተላለፈ። በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጻፈ። የምስክር ወረቀት፣ የግድግዳ ሰዓትና ብርድ ልብስ ተሰጣት፤ ብርድ ልብሱን ወሰደች፣ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏት ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ሰው መንገድ ላይ እጅ ይነሳት ነበር። ከዚያ ዘመኑ ዞረ። ግድግዳው በኖራ ተለቀለቀ፣ በሯ በድንጋይ ተመታ፣ እድሩም «ወጣቶቹ ቅር ይላቸዋል» ብሎ ሙሾ እንዳታወርድ ነገራት። ይኸው አሁን ደግሞ ይሳቅበታል። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድም ሰው ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ለማንም አልተናገረች። ሌላው ይቅር፣ በቪዲዮው ላይ ያየቻት የሚሊዮን ልጅ ሲሃም ግን አባቷ ሲሞት የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረች። ከአባቷ የተረፈላት ይኼው ነው፤ በእሱም ደረቷን እየደቃች ትቀልድበታለች። ዛሬውኑ ልትነግራት ይገባል።

ምስክር ያስፈልገኛል ብላ መጀመሪያ ወደ ፈይሳ ሄደች። ፈይሳ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የእድሩ ጸሐፊ ነው። ሱቁ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ነው፤ ገበታው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ሱሪዎች እግር ለእግር ተደርበዋል። መብራት ስለሌለ የእግር መኪናውን በር ድረስ ስቦ ይሰፋል።

«እትዬ ሙሉ፣ አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ ይግቡ። ነጠላው ተቀደደ?»

«አልተቀደደም። ፈይሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ያለቀስኩት ለማን ነበር?»

ፈይሳ እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። በሩን ግራና ቀኝ አየ። «ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ምን አስታወሰዎት?»

«መልስልኝ።»

«ለሰውየው ነዋ። ፎቶው ከኋላዎ ተሰቅሎ፣ ማይኩን በእጄ ሰጥቼዎት።»

«ለሚሊዮን ነው ያለቀስኩት።»

ፈይሳ መነጽሩን አውልቆ በሱሪው ጨርቅ ጠረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሙሉእመቤት መጀመሪያ ያዘነ መስሏት ነበር። እየሳቀ ነው።

«እንግዲህ አምስተኛዋ ነዎት» አለ። «የቀበሌው ሊቀመንበር የነበረው ለእናቱ ነበር ያለቀሰው። አበራሽ፣ ያቺ መሬት ላይ የተንከባለለችው፣ ኩላሊቷን አሟት ነበር አለች። ባነሩን የጻፈው ልጅ በግድ ነው የጻፍኩት አለ፤ ክፍያውን እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ በግድ አልተቀበለኝም። እኔንም ከጠየቁኝ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። በዚህ ከተማ ለዚያ ሰው ያለቀሰ የለም፣ እትዬ ሙሉ።»

«እኔ እውነቴን ነው።»

«እነሱም እውነታቸውን ነው።»

«መሰላል አለ እኮ ግጥሙ ውስጥ። የሀገር መሪ መሰላል ይዞ ይዞራል እንዴ?»

«የእድገት መሰላል መስሎን ነዋ። በራዲዮ ሳይቀር እንደዚያ ብለው ተንትነውታል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ።»

ሙሉእመቤት ዱካው ላይ ተቀመጠች። አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፈ። ከእሷ ጋር ጊንጆ ጉዱሩ ድረስ እንዲሄድና ለልጅቷ አንድ ቃል እንዲናገር ለመነችው፤ ሽማግሌ ሲናገር ልጅ ያምናል አለችው። ፈይሳ መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ሄጄ ምን ልበላት? ለአባትሽ ድንኳን የከለከልኩት እኔ ነኝ ልበላት?»

«ይቺኑ ብቻ ብትልልኝ ይበቃኛል።»

ፈይሳ ሱሪውን ከመርፌው ሥር አስተካክሎ ፔዳሉን ረገጠ፤ መኪናው ድምፁን እያሰማ አንድ እግር ሙሉ ሰፋ፣ ሁለተኛውን ጀመረ። ሙሉእመቤት ሁለተኛው እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ደረጃውን ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች።

ባዶ እጇን የሳሊሀ ቤት ገብታ ስለማታውቅ መንገድ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ገዛች፤ መቶ አርባ አሏት፣ አልተከራከረችም። በየዒዱ ይዛ የምትሄደው ይህንኑ ነው። ስኳሩን ትሰጣለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ «ልጅቷ እንዴት ናት» ትላለች፣ «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ይሏታል፣ ትመለሳለች። ሲሃም ሕፃን ሆና እናቷ «እትዬ ሙሉ» ስትል ሰምታ እሷም «እትዬ ሙሉ» አለች፤ ማንም አላረማትም። አያቴ የምትለው፣ «አኮ» ብላ የምትጠራው፣ ሙሉእመቤትን በመዳፋቸው የከደኗትን ሴት ነበር፤ እሳቸውም ባለፈው ዓመት አረፉ።

ሳሊሀ ለዙህር ሶላት ሱቋን ዘግታ ቤት ገብታ ነበር። ሻሽና ጅልባብ ትሸጣለች፤ ከሙሀጅር በኋላ አላገባችም። በሩን ስትከፍት ስኳሩን አየች፣ ከዚያ የሙሉእመቤትን ፊት አየች።

«ዛሬ ዒድ አይደለም፣ እትዬ» አለች።

«አውቃለሁ። ሲሃም አለች?»

«መብራት የለም ብለው ከኮሌጅ ለቀቋቸው። ተኝታለች። ይግቡ።»

ሳሎኑ ንጹሕ ነው፤ በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ፍራሽና ትራስ፣ መሀል ላይ ያልታጠፈ አዲስ ጨርቅ የተቆለለበት ምንጣፍ። በጓሮው በር በኩል መሰላሉ ይታያል። ሰባት መርገጫ ነበረው፤ ከታች ሁለተኛው ተሰብሮ ስድስት ቀርቷል። ያኔ ከፊት በር ላይ አንስተው ወደ ጓሮ አዞሩት፤ ቆጥ ላይ ያለውን ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና ለማውረድ ይወጡበታል፣ ሌላውን ጊዜ ዶሮ ይሰፍርበታል። ሙሉእመቤት በመጣች ቁጥር ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጥ ነበር። ዛሬ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ሲሃም ዐይኗን እያሸች ወጣች። ሙሉእመቤት በዙሪያ አልዞረችም።

«ያቺን የሠራሻትን ቪዲዮ አየኋት።»

ልጅቷ ሳቀች፣ ወዲያው እናቷን አየችና አፏን ያዘች። «ወይኔ፣ እርስዎም ቲክቶክ አለዎት እንዴ? ቀልድ ናት እኮ እትዬ፣ ለመብራት ነው። ሁሉም ይሠራታል።»

«ድምፁ የእኔ ነው።»

ሲሃም መጀመሪያ አላመነችም። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ፤ የሙሉእመቤትን አፍ ታይ ጀመር። «ያቺ ሴትዮ እርስዎ ነዎት? ለሱ ያለቀሱት?»

«ለሱ አይደለም። ለአባትሽ ነው።»

«እትዬ» አለች ሲሃም ቀስ ብላ፣ እንደታመመ ሰው እያናገረቻት። «ሙሉው ዩቲዩብ ላይ አለ፤ የሱ ፎቶ ከኋላ አለ፣ ስሙ ባነሩ ላይ ተጽፏል። ከሥሩ ሰው ምን እንደሚሳደብ ቢያዩ። እኔ አልፈርድብዎትም፣ ያኔ ሁሉም አልቅሷል። ግን ይሄን በአባቴ አያድርጉት። እሱን አላውቀውም፤ ቢያንስ እሱን ይተዉልኝ።»

ሙሉእመቤት እጇን ወደ ጓሮው ዘረጋች። «ያ የማነው?»

«የአባባ መሰላል ነው።»

«የዚያን ዕለት የት ነበር የቆመው?»

ሲሃም መልሱን ስለማታውቅ ወደ እናቷ ዞረች። ሳሊሀ ስኳሩን እንደያዘች ቆማ ነበር። ከረጢቱን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው፣ ተቀመጠች፣ ያልታጠፈውን ጨርቅ ታጥፍ ጀመር። አንዱን አጠፈች፣ ሁለተኛውን አጠፈች።

«በር ላይ» አለች ሳሊሀ። «እትዬ ድምፅ አያውጡ ሲባሉ ወጥተው መሰላሉን ይዘው ቆሙ። እኔ ውስጥ ነበርኩ፣ አንቺ ጡት ላይ ነበርሽ። ከንፈራቸውን አየሁ፣ ቃሉንም ሰማሁ፤ አራቱንም መስመር። ከአምስት ዓመት በኋላ በራዲዮ ሲለቁት ያኔውኑ አወቅኩት።»

ሙሉእመቤት አሥራ ሦስት ዓመት ምስክር የለኝም ስትል ኖራለች፤ ምስክሯ በየዒዱ ውኃ ስትቀዳላት የነበረችው ሴት ናት።

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?» አለቻት።

«አዎ።»

«ሰው በድንጋይ በሬን ሲመታው?»

«አዎ፣ እትዬ።» ሳሊሀ ቀና አላለችም። «የሚጮሁለት በቀብሩ ይቸገራል ብለው እናቴ ነግረውኛል፤ እኔ ያደግኩት በዚያ ነው። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ያን ሙሾ ሲጮኸው፣ በራዲዮ፣ በመኪና፣ በትምህርት ቤት ሰልፍ፣ ሌሊት እየተነሳሁ አስብ ነበር። ይሄ ሁሉ ጩኸት ለሙሀጅር ከሆነ የቀብሩ ችግር እሱ ላይ ነው። ለመሪው ከሆነ ግን በመሪው ላይ። ለመሪው ይሁን ብዬ ተውኩት። እንኳን ለመሪው አሉት እል ነበር።»

ሲሃም ከምንጣፉ ጥግ ሆና ሁለቱን አፈራርቃ አየች። «አራት መስመር ነው ያልሽው?» አለች። «ያለው ሁለት ነው እኮ።»

«ሁለቱን ቆርጠውታል» አለች ሙሉእመቤት። ከዚያ የቀሩትን ሁለት ነገረቻት። ያለ ዜማ፣ እንደ ቤት ወግ፣ ከዚያ ክፍል በማያልፍ ድምፅ፦

*ውረድ ያለው የለም፣ ከወጣበት ስፍራ፣*
*እኔም ዝም ብያለሁ፣ ስሙንም ሳልጠራ።*

«ለምን ስሙን አልጠሩም?»

«የትኛውን ልጥራ? እኔ ያወጣሁለትን ብጠራ እዚህ ቤት ይከፋቸዋል። እነሱ ያወጡለትን ብጠራ እኔ በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም።»

ግጥሙ ስም ስለሌለው ነበር ማንም የፈለገውን ስም የሰቀለበት፤ ሙሉእመቤት ይህን ራሷ ስትናገር ነው ያስተዋለችው። ሲሃም ተነስታ ወደ ጓሮው በር ሄደች። መሰላሉ ላይ የነበረችው ዶሮ ወረደች። ልጅቷ ተሰብሮ የጎደለውን መርገጫ ጉቶ በጣቷ ስትነካ ከኋላዋ ይታያል፤ ስትመለስ ስልኳ በእጇ ነበር፣ ዐይኗ ቀልቷል።

«እጽፈዋለሁ» አለች። «የአባቴ ነው ብዬ፣ ፎቶውን አድርጌ፣ መሰላሉንም አድርጌ። ሁሉም ይወቀው።»

ይህንን ነበር፣ ሳታውቀው፣ ሊሰማ የፈለገው ጆሮዋ። ሙሉእመቤት አፏን ልትከፍት ስትል ሳሊሀን አየች። ሳሊሀ ጨርቁን ትታው ነበር።

«አትጻፊ» አለች ሳሊሀ። «እስካሁን የሚስቁት በመሪው ነው። ስትጽፊ በአባትሽ ይሆናል። ጩኸቱም ሳቁም እሱ ላይ ይሆናል።» ወደ ሙሉእመቤት ዞረች። እንደ እናቷ መዳፏን አልዘረጋችም፤ መዳፏ ጉልበቷ ላይ ነበር። «እትዬ፣ ያኔ አንድ ቀን ዝም በሉ ብለንዎት ዝም አሉልን። አሁንም ዝም ይበሉልኝ። ለሰውየው እንደሆነ ይቅር።»

ሙሉእመቤት ውኃዋን ጠጣች። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ «ልጅቷ እንድታውቀው ነበር የፈለግኩት» አለች። «አወቀች።» ሌላ ነገር አልጨመረችም። ያ አራት መስመር ግጥም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በሷም ፈቃድ የመሪው ሆነ።

ሲሃም ቪዲዮዋን ያጠፋችው በሁለቱ ፊት ነው። ሙሉእመቤት ማየት እንደምትፈልግ ስለተናገረች ስልኩን አቅርባ አሳየቻት፤ በዚያ ድምፅ የተሠሩት ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስምንት ነበሩ፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት ሆኑ። ስትሸኛት እስከ ባጃጁ ድረስ ስኳር የነበረበትን ባዶ ፌስታል እንደያዘች ሄደች፤ «በሰላም ይግቡ፣ እትዬ ሙሉ» አለቻት።

መብራት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ጠፋ። ረቡዕ ጠዋት ሙሉእመቤት መቅደላዊትን በዚያ ድምፅ የተሠሩትን ቪዲዮዎች ቁጥር እንድታይላት ጠየቀቻት። ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ ነበር።